የአባቴ ተማሪ

ባለፈው ኅዳር ከጅማ ወደ ሰቃ ስሄድ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንድ ድልድይ ጋ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት መዝጋት ጀመረ። ከድልድዩ ከፍ ብሎ የቡና መፈልፈያ አለ። በለቀማ ወራት የእሸት ቡናው ልጣጭ ወንዙ ዳር ተቆልሎ ሲብላላ፣ ከኮመጠጠ ሊጥና ከበሰበሰ ፍሬ የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ያወጣል። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት በሻርፗ አፍንጫዋን ይዛ፣ "እህቴ፣ የአንቺንም ዝጊው በናትሽ" አለችኝ። ዘጋሁት። ሽታው ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ በዚያው ሽታ ውስጥ ስንሄድ ታየኝ።

የምሄደው የእናቴን የአገልግሎት ማስረጃ ለማውጣት ነበር። ያስተማረችበት ቦታ ከሰቃ አለፍ ብላ ያለች ትንሽ የቡና ከተማ ናት፤ ከማነሳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በሕይወት ስላሉ ስሟን አልጽፍም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሏን ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል? ደረጃቸውን አላሻሻሉም እንዴ?"

"አላሻሻለችም።"

"ዕድሉ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሆናላ" አለ፣ እኔን ማጽናናቱ ነበር።

ደርሷት ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርሷት ነበር። እኔ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ነበርኩ፤ ያየሁትን ሁሉ ግን ገልብጬ ነው የተረዳሁት።

እናቴ ዘሃራ የጅማ፣ የሄርማታ ሰፈር ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። አያቴ ሱቁ በር ላይ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው" ይል ነበር አሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሰርተፊኬቷን ይዛ ወደዚያች ከተማ ተመደበች። እዚያው ትምህርት ቤት ከጅሬን የመጣ ጀማል የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ አገኘች፤ ተጋቡ፤ እኔ ተወለድኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ፉአድ።

አባቴን ከተማው ሁሉ ይወደው ነበር። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው በዚያ ቀይ ጭቃ መሃል እንኳ ያብለጨልጫል። ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማዋል። እኔን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የዓለምን ካርታ እየዘረጋ የአገሮችን ዋና ከተማ ያስጠናኝ ነበር። አንድም ሳልሳሳት ከጨረስኩ ጉንጬን ቆንጥጦ "የእኔ ፕሮፌሰር" ይለኛል። እናቴ ግን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጠመኔ በጠመኔ ሆና፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ፉአድ እያለቀሰባት ነው የምትመጣው። እኔ የአባቴ ልጅ ነበርኩ።

የእናቴ ክፍል ውስጥ ሰባ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። ደብተር የሌለው ብዙ ስለነበር ፊደል የምታስተምረው በጀንፈል ነው። ልጆቹ የደረቀውን ቡና ከነገለባው ኪሳቸው ሞልተው ይመጣሉ፤ መሬት ላይ እየደረደሩ ፊደል ይሠራሉ። "አ" የሚለውን ቁቤ፣ ማለትም የኦሮምኛውን ፊደል፣ ሠርቶ የጨረሰ "ባርሲስቱ፣ ባርሲስቱ" እያለ ይጣራል፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። እሷም ጎንበስ ብላ በጣቷ ትከተለዋለች። በመስኮት ስመለከታት የምትጫወት እንጂ የምታስተምር አይመስለኝም ነበር። የአባቴ ክፍል ውስጥ ካርታ ተሰቅሏል፤ የእሷ ክፍል ውስጥ የቡና ገለባ ይጠረጋል።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ለትምህርት ቤቱ አንድ የዲፕሎማ ማሻሻያ ቦታ መጣ። ክረምት ክረምት ኮሌጅ እየገቡ፣ በቀረው ጊዜ በፖስታ የሚላክ ሞጁል እየሠሩ የሚማሩት ነው። ርዕሰ መምህሩ በሥራ ግምገማ አንደኛ የወጣችውን እናቴን መረጠ። ምሳ ሰዓት ላይ ለእኔና ለፉአድ ብስኩት ይዛ ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር። አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ ሰማት።

"ፉአድ ገና ጡት አልተወም" አለ።

"ለክረምቱ ይተዋል። እናቴም ከሄርማታ መጥታ ትይዝልኛለች።"

"ዘሃራ፣ እኔ የላይኛው ክፍል አስተማሪ ነኝ። አንቺ ዲፕሎማ ይዘሽ እኔ በሰርተፊኬት ስቀመጥ ሰው ምን ይለኛል? መጀመሪያ እኔ ልግባ። ቀጥሎ የሚመጣው ያንቺ ነው። ወላሂ፣ ቃሌ ነው።"

እናቴ ብስኩቱን ከፍታ ለፉአድ ሰጠችው። በማግስቱ ለርዕሰ መምህሩ፣ "ልጅ አለብኝ፣ ለባለቤቴ ይሁንልኝ" አለችው። እኔ ይህን ስሰማ እናቴ ትምህርቱን ፈራች፣ አባቴ እሷን ከፈተና ለማዳን ሲል በእሷ ምትክ ሊማርላት ተነሳ ብዬ ነበር ያመንኩት። ኮርቼበት ነበር።

ከዚያ ቡናማ ፖስታዎቹ መምጣት ጀመሩ። ቤታችን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው፤ በላዩ አበባ ያለበት ላስቲክ ተነጥፎበታል። እናቴ የምታስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት ላስቲኩን ጠርጋ፣ ሞጁሉን ዘርግታ ትቀመጣለች። አባቴ ከኋላዋ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሻይ ቤት ይሄዳል፤ ይመለስና "የት ደረስሽ?" ይላታል።

"ሦስተኛው ላይ።"

"ረዘም አድርጊው። አጭር መልስ አይወዱም።"

ስትጨርስ ይነሳና እሷ በተነሳችበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የጻፈችውን ከፊቱ አድርጎ በራሱ ትልቅ፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል። ከዚያ የእሷን ወረቀት ቀዶ እሳት ውስጥ ይከተዋል።

በትምህርት ቤት እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ይጽፋል፣ አስተማሪ ያርማል። ስለዚህ አባቴ እናቴን እያስተማራት ነው ብዬ ደመደምኩ። የጻፈችውን ሁሉ እንደገና የሚጽፈው ስሕተቷ ስለበዛ ነው። ወረቀቷን የሚያቃጥለው ደግሞ ሰው አይቶ እንዳይስቅባት ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ስለነበርኩ ሰነፍ እናት ያለችኝ መሆኑ አሳፈረኝ። አንድ ቀን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጣቶቿን ስታፍተለትል አይቼ አጠገቧ ሄድኩ።

"እማ፣ አይዞሽ። እኔም መጀመሪያ ላይ እሳሳት ነበር።"

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ፉአድን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ግንባሯን የእሱ ፀጉር ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ከጎኗ ሆኜ አብሬ ሳቅሁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቡናው ቀላ። ያኔ የእናቴ ክፍል በአንድ ሳምንት ባዶ ሆነ፤ ልጁ ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ለቀማ ወረደ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ይህን ለምደውታል፤ ስም ጠርተው "ቀሪ" ብለው ይጽፉና ከቀሩት ጥቂቶች ጋር ይቀጥላሉ። እናቴ አልቻለችም። ፈረቃዋን ስትጨርስ ፉአድን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ወደ ቡና እርሻዎቹ መሄድ ጀመረች።

ከከተማችን የቡና መፈልፈያ በላይ ያለው ዳገት ጥላ ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይስባል፤ ጉንዳን በእግሬ ይወጣል። ከየቁጥቋጦው ውስጥ ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም። ልጆቹ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ቅርንጫፉን ወደ ታች እየሳቡ ይለቅማሉ። እጃቸው ከጣፋጩ ፈሳሽ የተነሳ ይጣበቃል፤ ዝንብ ይከተላቸዋል። የእርሻው ባለቤት መጀመሪያ ቀን እናቴን አያትና "ባርሲስቱ፣ ሥራ አታስፈቺብኝ" አላት።

"ሥራ አላስፈታም። ለቀማው ሲያልቅ ሚዛን ለመጠበቅ ይሰለፉ የለም? ያኔ ብቻ ፍቀዱልኝ።"

ፈቀደላት። ከዚያ በኋላ እናቴ የሚዛን ሰልፍ አስተማሪ ሆነች። ልጆቹ ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ እሷ ከሰልፉ ጎን ጎን እየሄደች በእንጨት መሬት ላይ ፊደል ትጽፋለች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲጠጋ እሷም አንድ እርምጃ ተጠግታ ሌላ ፊደል ትጽፋለች። ሚዛኑ ጋ የደረሰ ልጅ ቅርጫቱን ከመስጠቱ በፊት የሠራችለትን ቃል ማንበብ አለበት። ሚዛን ያዡ ሳይቀር ለምዶት፣ ያላነበበውን "ተመለስ" ይለው ጀመር።

ከሁሉም ፈጣኗ ሐዊ የምትባል ልጅ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ግን አንደኛ ክፍል ናት። አባት የላትም፤ ከእናቷ ጋር ለለቀማ ከሩቅ የመጣች ነች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ጀመረች። እናቴ ያን ቀን ሐዊን ግንባሯን ሳመቻት። እኔ ከሰልፉ ውጭ ፉአድን ይዤ ቆሜ ነበር። ዋና ከተሞችን ሁሉ የማውቀው እኔን ስማኝ አታውቅም ብዬ አሰብኩ። ውሸት ነበር፤ ግን ያን ቀን እንደዚያ ነው የታየኝ።

እናቴ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ከሰልፉ ስንመለስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ልጅ ነገር ትጽፋለች፤ የማን እርሻ ላይ እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ የትኛው ፊደል ላይ እንደደረሰ፣ ለምን ትምህርቱን እንደተወ፣ ያን ቀን ምን በልቶ እንደዋለ። እኔ የሚገረፉ ቀሪዎች ዝርዝር ነበር የሚመስለኝ።

አባቴ አንድም ቀን አብሮን አልመጣም። ስንነሳ በር ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ፣ "ይሄ ጭቃ ለሰው አይሆንም" ይላል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የመጣው ሞጁል ከሌሎቹ ይለያል። ተማሪው በአካባቢው ያለ የትምህርት ችግር አጥንቶ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። አባቴ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እናቴ ዞረ።

"ያቺን ደብተርሽን ስጪኝ እስቲ።"

እናቴ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ግን አልሰጠችውም። ሁለት እጇን ደብተሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ይሄ የልጆቹ ጉዳይ ነው፣ ጀማል።"

"እኔስ ለማን ብዬ ነው? ለሚመለከተው አካል ቢደርስ አይሻልም? ወይስ ቦርሳሽ ውስጥ እንዲያረጅ ነው?"

ሰጠችው። ሰጠችው ስል፣ አገላብጦ መለሰላትና ጽሑፉን ራሷ ጻፈችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት፣ ወደ ሚዛኑ ሰልፍ እስክንሄድ ድረስ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። በዚያን ጊዜ ሳትጨናነቅ ስትጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ አንዳንዴም ለራሷ ፈገግ ትላለች። አባቴ እንደልማዱ ገለበጠው። ሰማያዊው ደብተርም ለማስረጃ ተብሎ ከጽሑፉ ጋር ተላከ። አልተመለሰም።

ጥር ላይ የኮሌጁ አስተማሪ ራሱ መጣ። ጽሑፉ ስለማረከው ጸሐፊውን ማየት ፈልጎ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው። አባቴ ከእሱ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ እናቴ ጓዳ ሆና ሻይ ታፈላለች፤ እኔ ከአባቴ ጉልበት ጎን ቆሜአለሁ።

"መምህር ጀማል፣ እኔን ይበልጥ የነካኝ የሐዊ ታሪክ ነው" አለ እንግዳው። "ሚዛን ስትጠብቅ ማንበብ የለመደችው። ላገኛት እችላለሁ?"

እንግዳው ጠጋ ብሎ፣ ቃሉን ዋጥ አድርጎ ነበር የሚናገረው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሐዊ፣ አዎ። ጎበዝ ልጅ ነው። አሁን ግን አባቱ ወስዶታል።"

እንግዳው ሻዩን ሊቀበል የዘረጋውን እጁን መለሰ። "ወንድ ነው እንዴ?"

እናቴ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ሴት ናት" አለች። "አባትም የላትም። እናቷ አሞባት ነው ሰሞኑን የቀረችው። ከመፈልፈያው በላይ፣ ለቃሚዎቹ ከሚያድሩበት ቤት ነው ያሉት።"

ፉአድ መሬት ላይ ማንኪያ ይመታል። እንግዳው መነጽሩን ከፍ አድርጎ እናቴን አያት።

"እርስዎ ያውቋታል?"

"የክፍሌ ልጅ ናት።"

"ባለቤቴ መረጃ በመሰብሰብ ትረዳኛለች" አለ አባቴ ፈጠን ብሎ፣ ሳቅ እያለ። "እኔም በበኩሌ እያስተማርኳት ነው። አይደል፣ ሰሚራ?"

እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። "እውነት? አባትሽ እናትሽንም ያስተምራታል?"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በልበ ሙሉነት መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

"አዎ። እማ ትጽፋለች፣ አባ ያርምላታል።"

እንግዳው ሳቀ። የሳቀው ደስ ብሎት ነበር፤ የከበደው ነገር የቀለለለት ሰው ሳቅ ነበር። "ማሻአላህ፣ የታደለ ቤት" አለና ሻዩን ተቀበለ። አባቴ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። እናቴ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጓዳ ተመለሰች። እኔን አላየችኝም። ማንንም አላየችም።

ያቺን የእኔን አረፍተ ነገር አባቴ ወዲያው የራሱ አደረጋት። ለጎረቤት ይናገራታል፣ በሰርግ ይናገራታል፣ በስብሰባ ይናገራታል። ባለፈው ሚያዝያ የእናቴ ለቅሶ ላይ ሰው ከብቦት በተቀመጠበት ሳይቀር፣ "ዘሃራ ሚስቴ ብቻ አልነበረችም፣ ተማሪዬም ነበረች" ሲል ሰምቼዋለሁ። ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ከእንግዳው መምጣት በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ጽሑፉ በስብሰባ ላይ ተነበበ፣ ተመሰገነ። አባቴ ከክፍል ወጥቶ እዚያው ከተማ ባለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥልጠና ክፍል ተወካይ ኃላፊ ተደረገ። ቢሮው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ሜዳው መሃል ድረስ አብሮን ይሄድና ይለየናል፤ እኔ ጀርባውን አይቼ አልጠግብም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ለሚቀጥለው ክረምት ሁለት የዲፕሎማ ቦታ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አሁንም የእናቴን ስም ከላይ ጽፎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ላከው። እናቴ በዚያ ሰሞን ፉአድን ጡት አስጣለች። አንድ ሐሙስ ቀን ስሞቹ ተለጠፉ። ሁለት ስሞች ነበሩ። አንዱም የእሷ አልነበረም።

ቤት አልጠበቀችውም። ለዒድ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ ለበሰች፣ ፉአድን ለጎረቤት ሰጠች፣ እጄን ይዛ ሜዳውን ተሻገረች። ከቢሮው በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሌሎች አስተማሪዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። እኛም ተቀመጥን። ጸሐፊዋ አፈረች።

"ባርሲስቱ፣ የእርስዎ ባለቤት አይደሉ እንዴ? ቤት ይንገሯቸው፤ ለምን ይጉላላሉ?"

"ቤት ነግሬያቸዋለሁ" አለች እናቴ። "እዚህ ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ተራችን ሲደርስ ገባን። አባቴ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሲያየን ብድግ ሊል ብሎ ተመለሰ። በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ይሰማሉ።

"የመጣሁት ስለ ሥልጠናው ነው፣ አቶ ጀማል" አለች። "ስሜ ከላይ ተጽፎ ነበር። ማን እንደሠረዘው ሊነግሩኝ ይችላሉ?"

እናቴ አባቴን "እርስዎ" ስትለው ሰምቼ አላውቅም። የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አባቴ ግን ፈገግ አላለም። እሱም "እርስዎ" አላት።

"ወይዘሮ ዘሃራ፣ እርስዎ የኃላፊው ባለቤት ነዎት። ለሚስቱ ሰጠ እንዲባል ይፈልጋሉ? በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከራሱ ቤት መጀመር የለበትም።"

"የመረጠኝ ርዕሰ መምህሩ ነው። እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ በፊትም መርጦኝ ነበር።"

"ይገባኛል። ግን ኃላፊነት ነው።"

"መስከረም ላይ ቃል የገባልኝ ሰው ነበር" አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እሱንስ የት ሄጄ ልጠይቀው?"

አባቴ እኔን አየ፣ ከዚያ የተከፈተውን በር አየ። "ቤት እንነጋገራለን" አለ።

"ቤትማ የምንነጋገረው ስለ ሞጁሉ ነው" አለች እናቴ። ተነሳች።

ስንወጣ ወንበሩ ላይ ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ግን ከኋላችን፣ "ትክክለኛ ሰው ነው፤ ለሚስቱ እንኳ አላዳላም" ሲል ሰማሁት። ደረቴ በኩራት ተነፋ።

ሜዳው ላይ የእሷ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነበር። "ባርሲስቱ" እያሉ እየሮጡ መጥተው እጇን ሳሟት። ለእያንዳንዳቸው ስማቸውን እየጠራች መለሰች። ሲሄዱ መንገዳችንን ቀጠልን። ከንፈሯን ነክሳ ስለነበር ማጽናናት እንዳለብኝ ተሰማኝ። የማውቀውን ማጽናኛ አወጣሁ።

"እማ፣ እንኳን ቀረብሽ። ኮሌጅ ሄደሽ ብትሳሳቺ ሰው ሁሉ ይስቅብሽ ነበር። አባ ግን አይስቅብሽም።"

ቆመች። እጄን ለቀቀችው። ፊቴ ላይ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም፣ አተኩራ አየችኝ። ያን ቀን ጠረጴዛው ጋ እንደሳቀችው የምትስቅ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"ነይ፣ ፉአድ ያለቅሳል" አለች፤ ቀድማኝ ሄደች።

ቤት ስንደርስ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቡናማ ፖስታ ተቀምጦ ነበር። አረንጓዴውን ቀሚስ አውልቃ አጣጥፋ አስቀመጠች፤ ፉአድን አጠበች፤ እንጀራ አቀረበችልን። ከዚያ ላስቲኩን ጠርጋ ፖስታውን ከፈተች፣ ተቀመጠች፣ ጻፈች። ያንንም፣ ቀጥሎ የመጡትንም፣ አባቴ እስኪመረቅ ድረስ ጻፈቻቸው።

ሐዊና እናቷ በግንቦት ወደመጡበት ተመለሱ። በሚቀጥለው ጥቅምት ቡናው ሲቀላ እናቴ ዳገቱን ወጥታ ስትጠይቅ የሚያውቃቸው አልተገኘም። የአገራቸው ስም ያለው ሰማያዊው ደብተር ላይ ብቻ ነበር። አባቴን ኮሌጁን እንዲጠይቅላት ነገረችው፤ "እጠይቃለሁ" አለ። የሚዛኑ ሰልፍ ላይ ግን ቆማ አስተማረች፤ በዚያኛውም ዓመት፣ ከዚያም በኋላ።

እውነቱን ያወቅሁት ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። ማንም አልነገረኝም። የራሴን ሥራ ሌላ ልጅ ገልብጦ ሲመሰገንበት ቁጭ ብዬ አየሁና፣ የቤታችን ጠረጴዛ በዓይኔ መጣ። ያን ቀን ቤት ሄጄ ለእናቴ ምንም አላልኳትም። አባቴ "የእኔ ፕሮፌሰር" ሲለኝ እንደ ወትሮው ፈገግ አልኩለት። ከዚያ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሆን ቀን ሁልጊዜ ነገ ይመስለኝ ነበር።

የጠየቅኋት ጅማ ሆስፒታል ተኝታ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ትቶ በነበረበት ሰሞን ነው። አባቴ ለሰላት ወጥቷል። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር።

"እማ፣ ያኔ ሜዳው ላይ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ? ለምን አልነገርሽኝም? ተሳስተሻል፣ የምጽፈው እኔ ነኝ ለምን አላልሽኝም?"

ዓይኗን አልከፈተችም። የተኛች መስሎኝ ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ።

"ብነግርሽስ" አለች፣ "ታምኚኝ ነበር?"

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የልጆችን ፊት እያየች መልሱን የማያውቀውን የለየች ሰው ናት። ዓይኗን ገልጣ ፊቴን አየች፤ እስክጨርስ አልጠበቀችም።

"በይ ተዪው" አለችኝ። "ውኃ አቀብዪኝ።"